ከግንፍሌ ወደ ቱሉ ዲምቱ

«የት ነው የምትኖሪው?» ተብዬ «ቃሊቲ» ብዬ ስመልስ የጠያቂዬ ፊት ወዲያው ይለዋወጣል። አንድ የድሮ የሥራ ባልደረባዬማ ይህንኑ በስልክ ነግሬው ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «አይዞሽ፣ እሱ ያውቃል፤ ያስፈታሻል» አለኝ። ማረሚያ ቤቱ የሰፈሩን ስም ጠቅልሎ ወስዶታል። ቦሌ ይኬዳል፣ ፒያሳ ይወጣል፤ ቃሊቲ ግን ይወረዳል። ስለዚህ አሁን አሁን ስጠየቅ «አቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮንዶሚኒየም» ብዬ በአንድ ትንፋሽ እጨርሰዋለሁ፤ ሰውየው «ስንት ዓመት ፈረዱባት?» ብሎ የሚያስብበት ፋታ እንዳያገኝ።

እኔ የግንፍሌ ልጅ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት፣ ተድሬ ሦስት ልጆች ያሳደግሁት ከአራት ኪሎ ቁልቁል ወንዙ ዳር ነው። በ1997 ዓ.ም ለኮንዶሚኒየም ከተመዘገቡት መካከል ነበርኩ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ጠብቄ ዕጣው ሲወጣልኝ ጎረቤቶቼ እልል አሉ። ቦታውን ሲሰሙ ግን እልልታው መሐል ላይ ተቆረጠ። «ቱሉ ዲምቱ? ናዝሬት መንገድ ያለው?» አሉኝ። ያው ነው። ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እኛ ጋ ነው። ባለመኪናው ለመንገዱ እየከፈለ ከአዲስ አበባ ይወጣል፤ እኔ በየወሩ ለባንክ እየከፈልኩ ወጥቻለሁ።

ትልቋ ልጄ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል፣ ሐበሻ በሞላበት ከተማ ትኖራለች። በዚያ ሰሞን ስደውልላት በሰፈሬ ላይ ያለኝን ሮሮ ሁሉ ሰምታኝ ስታበቃ «እማዬ፣ አንቺ እኮ እኛ ሥራ ቤት ያለችውን እንግሊዛዊት ነው የምትመስዪው» አለችኝ። ሴትዮዋ አሜሪካ ከገባች ብዙ ዓመቷ ነው። ቋንቋው የራሷ ነው፤ ከሷ አገር ነው የሄደላቸው። ግን እስከ ዛሬ ቺፕስ ብላ ስታዝዝ ትኩስ ጥብስ ድንች መስሏት በላስቲክ የታሸገ ደረቅ ድንች ይመጣላታል። አገሩን አትጠላውም፣ ለቅቃም አትሄድም፤ ብቻ ሲነጋ ጀምራ እስኪመሽ በነገሩ ሁሉ ትገረማለች።

ልጄ የዚህችን ሴት ሐሳብ የምትረዳው ያለ ምክንያት አይደለም። እሷም አሜሪካ በገባች ሰሞን ሥራ ስትጀምር አለቃዋ «ነገ ሁላችሁም ጥቁር ፓንት ለብሳችሁ ኑ» አላቸው። ልጄ «ጥቁር መሆኑን ማን ሊያይ ነው?» እያለች ስትጨነቅ አደረች። አሜሪካኖቹ ፓንት የሚሉት ለካ ሱሪን ነው። እንግሊዞቹ ግን ልክ እንደ እኛ የውስጡን ነው የሚሉት። ፎቅ አቆጣጠርም ላይ እንግሊዝና እኛ አንድ ነን፤ ምድሩን ዘልለን ከላዩ ያለውን አንደኛ እንላለን። አሜሪካኖቹ ዘንድ ምድሩ ራሱ አንደኛ ነው። የእኔ ብሎክ ጂ+4 ነው፤ ያለሁት ጫፉ ላይ ስለሆነ በእኔ ቆጠራ አራተኛ ፎቅ ነኝ፣ በልጅ ልጄ ቆጠራ አምስተኛ። አሳንሰር የለውም። ጉልበቴ የሚስማማው ከአሜሪካኖቹ ጋር ነው።

የልጅ ልጄን ካነሳኋት አይቀር፣ አንድ ቀን በምስል ስትደውልልኝ ዓይኗ ፈጦ ነበር። «አያቴ፣ አየር አያጥርሽም? ቀይ ቀበሮስ አይተሻል?» አለችኝ። ቱሉ ዲምቱን ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ያገኘችው የባሌውን፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ተራራ ነው። አያቷ በነጠላ ብቻ እዚያ ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቡና ስታፈላ ታይቷታል። «የኔ እናት፣ የኔው ሌላ ነው። ቀበሮ የለም፤ ማታ ማታ ጅብ ይጮኻል እንጂ» ብዬ አረጋጋኋት። ጅብ ስትሰማ ይልቁን ደስ አላት።

ስሙ ኦሮምኛ ነው፤ ቱሉ ኮረብታ፣ ዲምቱ ቀይ። እኔ ግን እስካሁን ከእግሬ ሥር ያገኘሁት ጥቁር ነው። ዋልካ ነው አፈሩ። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማን ከነካልሲው ጎትቶ ያስቀራል። ሠራተኛው ሁሉ ጠዋት እግሩን በፌስታል ጠቅልሎ እስከ አስፋልቱ ይሄድና ፌስታሉን ፈትቶ የቢሮ ሰው ይሆናል። ከግንፍሌ አንጻር ቆላ ነው ማለት ይቻላል። ወደዚህ ሲወረድ ከፍታው በመቶዎች በሚቆጠር ሜትር ስለሚቀንስ፣ አራት ኪሎ ግንቦት እንኳ የማልለየው ጋቢዬ እዚህ ከሣጥን የሚወጣው በክረምት ብቻ ነው። ለወገቤ ተስማምቶኛል፤ ይህን ለልጄ አልነገርኳትም፤ ሮሮዬ ይበላሻል።

ስለ ውሃው ግን ሳልናገር አላልፍም። አዲስ አበባ ከምትጠጣው ውሃ ትልቅ ድርሻ ያለው ከአቃቂ የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ተስቦ ሽቅብ የሚወጣው ነው። እዚህ ምንጩ ላይ ተቀምጠን እኛ ግን ቧንቧው የሚመጣበትን ሌሊት ጀሪካን ደርድረን እንጠብቃለን። የሚወርደው ደግሞ ሌላ ነው። ግንፍሌ ወደ ቀበና ይገባል፣ ቀበና ወደ ትልቁ አቃቂ። በመርካቶ በኩል ያለውን ጉድ ሁሉ ትንሹ አቃቂ ይሸከማል። ሁለቱ አቃቂዎች አባ ሳሙኤል ላይ ተገናኝተው ወደ አዋሽ ያልፋሉ። አባ ሳሙኤል በአገራችን የመጀመሪያዎቹ ከሚባሉት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች አንዱ የተሠራበት ሐይቅ ነው፤ ስንት ዓመት ሙሉ የላዩ ሰፈር እጣቢ ሲጠራቀምበት ኖሯል። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ግንፍሌ ሞልቶ የአንድ እግር ጫማዬን ወስዶብኝ እናቴ ጉድ አድርጋኝ ነበር። ያ ጫማ ከእኔ ስድሳ ዓመት ቀድሞ አቃቂ ገብቷል ማለት ነው። ነባሮቹ ግን በወንዙ ላይ ብዙም አይስቁም። በልጅነታቸው የዋኙበት ነው፤ ዛሬ አፍንጫቸውን ይዘው በድልድዩ ያልፋሉ።

ነባሮቹ ስል የአቃቂ ሰዎች ማለቴ ነው። አቃቂ በሰቃ ራሱን የቻለ ከተማ ነበር፤ የአዲስ አበባ ጭራ አልነበረም። ከሥሬ ባለው ሦስተኛ ፎቅ ይኖሩ የነበሩ ጋሼ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ፣ ይህን ለማንም አይተውም ነበር። ባርኔጣቸውን አጥልቀው ደረጃ ላይ ስንገናኝ «የት ነው ጋሼ?» ካልኳቸው «አዲስ አበባ ደርሼ ልምጣ» ነው መልሳቸው፤ ልክ ድሬዳዋ እንደሚሄድ ሰው። በ2008 ዓ.ም ሥራ የጀመረውን የከተማ ባቡር ቃሊቲ ድረስ በመምጣቱ ሳመሰግን «እኛ ባቡር ብርቃችን አይደለም፤ የጅቡቲው እንኳ በ1909 ዓ.ም እናንተ ዘንድ የገባው በእኛ በኩል አልፎ ነው» አሉኝ። «እናንተ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ስልሳ ስምንት ዓመት በአንድ ከተማ ኖሬ፣ የመታወቂያዬ ከተማ ሳይለወጥ የውጭ አገር ሰው ሆንኩ።

ከእሳቸው ይልቅ የምፈራቸው ወተት የሚያመጡልኝን እማማ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ብሎካችን ሥር ይቆማሉ፤ ደረጃ አይወጡም፣ ፎቅ አያምኑም። የመጀመሪያ ቀን «እንዴት አደሩ እማማ?» ስላቸው «ነጋ» አሉኝ። ፀሐይዋን ቀና ብዬ አየሁና «አዎ፣ ነጋ» አልኳቸው። እንዲህ እየተባባልን ብዙ ጠዋት አለፈ። በኋላ ጋሼ እየሳቁ ነገሩኝ፤ በኦሮምኛ ነጋ ሰላም ማለት ነው። እሳቸው ሰላም ነኝ ይሉኛል፣ እኔ መንጋቱን አረጋግጥላቸዋለሁ። ለልጄ ስነግራት «ለእንግሊዛዊቷ እነግራታለሁ፣ ከፓንቱ ይበልጣል» አለች። ዛሬ «አካም ቡልተን» እላቸዋለሁ፤ አነጋገሬ ያስቃቸዋል፤ ሲስቁ ጣሳው ላይ ትንሽ ጨመር ያደርጉልኛል።

አንድ ቀን ወተቱን ቀድተው ሲያበቁ ብሎኬን ከታች እስከ ላይ ተመለከቱና «ይኼ ሽምብራችን ነበር» አሉኝ። ገረመኝ፤ ቀጠሉ፦ «ያ ባለ ቀይ በሩ ጤፍ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ምስር። የአንቺው ሽምብራ ነው። ጥሩ ይይዝ ነበር።» ካሣ ተከፍሏቸው እንደሆነ ጠየቅኋቸው። «ተከፍሎናል። ገንዘብ ይበላል፤ መሬት ያበላ ነበር» አሉና ጣሳቸውን አንስተው ወደሚቀጥለው ብሎክ ሄዱ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ቢቆጡ ይቀለኝ ነበር። እኔ ለአሥር ዓመት ጠብቄ ያገኘሁት ቤት ለእሳቸው ማሳቸው ላይ የበቀለ ፎቅ ነው። ያን ቀን የቤቴን በር ስከፍት ጫማዬን አራግፌ ገባሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እድር። ለሠላሳ ሁለት ዓመት የግንፍሌ እድር አባል ነኝ። ሰፈሩ ተበትኖ ግማሹ የካ አባዶ፣ ግማሹ ጀሞ ገብቶ እንኳ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ እንሰበሰባለን። ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቃሊቲ በታክሲ፣ ከቃሊቲ በባቡር፣ ከዚያ እንደገና በታክሲ፤ ረዳቱ «ማዘር፣ ጠጋ ጠጋ!» እያለኝ አንድ ወንበር ላይ ሦስተኛ ሆኜ እሄዳለሁ። ግን ያ ድንኳን አንድ ቀን ለእኔ ቢያስፈልግ በምን ተጭኖ፣ በስንት ሰዓት እዚህ ይደርሳል? ልጄም የምትፈራው ይህንኑ ነው። «እዚያ አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻሽን አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ያውቃል? ሽጪውና ነይ» ትለኛለች። ወረቀቱን አዘጋጅታለች፤ መልስ የምሰጠው ብቻ ነው የቀረው።

የኮንዶሚኒየሙ እድር እንዳለ አውቃለሁ፤ ብዙም አላመንኩትም ነበር። ጥሩምባ የለውም፤ ቴሌግራም ነው ያለው። የሞተ ሰው ስም ሲለጠፍ አንዱ ወጣት ሥሩ የአውራ ጣት ምልክት አደረገ፤ «ደርሶኛል» ለማለት ነው አሉ። እኔ ወጉን ሳስበው ዘገነነኝ።

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ አድሮ ሊነጋጋ ሲል ጥሩምባ ሰማሁ። ቱሉ ዲምቱ ላይ፣ በብሎኮቹ መሐል፣ እንደ ግንፍሌው ያለ ረጅም ጥሩምባ። ሕፃናቱ ደንግጠው መስኮት ላይ ወጡ፤ አንዳንዱ ወጣት ስልኩን አውጥቶ መቅረጽ ጀመረ። እኔ ግን ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለብሼ ደረጃውን ስወርድ ጉልበቴ እንዳለኝም ትዝ አላለኝ። ጋሼ አርፈው ነበር። ጥሩምባ ነፊውን የላከው የድሮው የአቃቂ እድራቸው ነው።

የሳጥኑ ነገር ሁላችንንም አስጨንቆን ነበር፤ ደረጃው ጠባብ ነው፣ ማዞሪያው ላይ ሶፋ እንኳ በመከራ ነው የሚያልፈው። ያ አውራ ጣት ያደረገው ወጣት ከነጓደኞቹ መጣ። ሳጥኑን በትከሻቸው፣ በማዞሪያው ላይ ደግሞ አቁመው፣ አንድም ጊዜ ግድግዳ ሳያስነኩ አወረዱት፤ ከዚያም በዚያ ጭቃ እስከ አስፋልቱ ተሸከሙት። ሴቶቹ ኮሚናሉ ውስጥ ሽንኩርት ስንከትፍ ከእኔ በስተግራ የአድዋ፣ በስተቀኝ የወላይታ ሴት ነበረች፤ ሽንኩርቱን መጠንም ሆነ የወጡን ውፍረት በተመለከተ ሦስታችን አልተስማማንም። ወተት የሚያመጡት እማማ ረፋዱ ላይ መጡ። የፎቁን ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥተው ሦስተኛው ላይ ከሟች ሚስት ጋር በኦሮምኛ አለቀሱ። ከዚያ አንዱን ፎቅ ጨምረው የእኔን በር አንኳኩ። ቡና አፈላሁላቸው። በረንዳው ላይ ቆመው ቁልቁል ሲያዩ ቆዩና «ከዚህ ሆኖ ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ ይታያል» አሉኝ።

በሳምንቱ ለኮንዶሚኒየሙ እድር ተመዘገብኩ። ጸሐፊው «ስንተኛ ፎቅ ልበል?» ሲለኝ አራተኛ አልኩት። የግንፍሌውንም አልተውኩም፤ ሁለት ቦታ እከፍላለሁ።

እማማ ከተረፈቻቸው ቁራሽ መሬት ላይ በመስከረም ሽምብራ ዘርተዋል። እሸቱ ሲደርስ እንደሚያመጡልኝ ቃል ገብተውልኛል። ትናንት ልጄ ደውላ «እማዬ፣ መልስሽን እየጠበቅሁ ነው» ስትለኝ እመጣለሁ አልኳት። ከእሸቱ በኋላ ይሁን፤ ትኬቱም የደርሶ መልስ ይሁን፤ ከሦስት ወርም አይለፍ፤ የዚህኛው እድር መተዳደሪያ ደንብ ሦስት ወር ተከታታይ ያልከፈለን ይሰርዛል።