ጌታውና ዋሱ አንድ ሰው ሲሆን

በአገራችን ልማድ ዋስ ማለት በሁለት ሰዎች መካከል የሚቆም ሦስተኛ ሰው ነው። ተበዳሪው የጠፋ እንደ ሆነ አበዳሪው ወደ ዋሱ ይሄዳል፤ ተከሳሹም ከቀጠሮ የቀረ እንደ ሆነ ዳኛው ዋሱን ያስጠራል። ዋሱ ከባለጕዳዮቹ ወገን ስላልሆነ ሁለቱም ያምኑታል። ስለዚህ በፍርድ ቤት ጽሕፈት ብዙ ዓመት ያገለገልን እኛ፣ አንድ ሰው ለሌላው ሰው ጌታም ዋስም የሚሆንበትን ሕግ ባነበብን ጊዜ ነገሩ አሳሰበን፤ ልጆቻቸውን ወደ ውጭ አገር ለሚልኩ ቤተ ሰቦችም ማስረዳት የሚገባ ሆኖ አገኘነው።

ይህ ሕግ የአውስትራልያ መንግሥት ባለሙያ ሠራተኞችን ከውጭ የሚያስገባበት ሕግ ነው። አንድ ድርጅት የሚፈልገውን ባለሙያ በአገሩ ያጣ እንደ ሆነ በመንግሥት ፊት ኀላፊ ሆኖ ከሌላ አገር ያስመጣል፤ ይህንንም ኀላፊ በዛሬ አነጋገር ስፖንሰር ይሉታል። የሠራተኛው ፈቃድ፣ ከእርሱም ጋራ የሚስቱና የልጆቹ ፈቃድ በዚሁ ድርጅት ላይ የተንጠለጠለ ነው። ሥራውን የሚያዘው፣ ደመወዙን የሚከፍለው፣ ዋስትናውንም የያዘው አንድ እጅ ነው ማለት ነው።

የፈቃዱ ስም ተለዋውጧል። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1996 ዓ.ም. የወጣው 457 የሚባለው ቪዛ በማርች 2018 ተሽሮ 482 የሚባለው ተተካ፤ እርሱም በዲሴምበር 7 ቀን 2024 ተሻሽሎ «ተፈላጊ ሙያዎች» የሚል ትርጕም ያለው ስም ተሰጠው። እኛ ግን ከስሙ ይልቅ አንድ ቍጥር ተከታትለናል። ሠራተኛው ከጌታው የተለየ እንደ ሆነ ሌላ ጌታ እስኪያገኝ ድረስ ስንት ቀን ይታገሡታል? ቀድሞ 28 ቀን ነበር፤ በጁላይ 2013 ወደ 90 ቀን ከፍ አለ፤ በኖቬምበር 2016 ወደ 60 ቀን ተመልሶ ዝቅ አለ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግን 180 ቀን ሆነ። በፈቃዱ ዘመን ሁሉ ሲደመርም ከ365 ቀን እንዳይበልጥ ተወሰነ።

ይህ የቀን ቍጥር በአንድ ቤት ውስጥ ምን ያህል እንደሚመዝን ያወቅነው በእኅታችን ልጅ ነው። ልጁ የአውቶሞቢል መካኒክ ሲሆን በ2022 ዓ.ም. ሚስቱንና ሴት ልጁን ይዞ ወደ ሜልበርን ሄደ። እኛ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት በኋላ በሚሲዮን ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ስለ ተማርን፣ በዘመድ መካከል የውጭ አገር ወረቀት በመጣ ቍጥር ወደ እኛ ይመጣል፤ የእርሱንም የሥራ ውል ቃል በቃል ለእናቱ ያነበብንላቸው እኛ ነን። ውሉ መልካም ነበር። ነገር ግን ዓመት ሳይሞላ ጌታው ቅዳሜ ቅዳሜ ያለ ደመወዝ እንዲሠራ አዘዘው፤ እንቢ ቢል ዋስትናውን እንደሚያነሣ ነገረው። ልጁ ዝም ብሎ ሠራ። ታላቅ እኅታችን የልጃቸው ድምፅ በስልክ መቀዝቀዙን ሰምተው ምን እንዳገኘው ሁልጊዜ ይጠይቁን ነበር።

እኛም ለልጁ ጻፍንለት። «ያለህበት አገር ዳኛና ሕግ ያለበት አገር ነው፤ ስለ ምን አትከስም?» አልነው። የመለሰልን መልስ አጭር ነበር። «ጋሼ፣ እርስዎ የፍርድ ቤትን ቀጠሮ ያውቁታል። ክሱ ገና ሳይሰማ 60 ቀኔ ያልቃል፤ ከሳሹ አገር ለቆ ከሄደ ማን ይከራከራል?» አለን። ዕድሜያችንን ቀጠሮ ስንጽፍ ያሳለፍን ሰዎች ይህን ነገር ማስተባበል አልቻልንም። መዝገብ ከፍቶ፣ መጥሪያ አድርሶ፣ መልስ ተቀብሎ ነገሩን ለመስማት ምን ያህል ጊዜ እንደሚሄድ እናውቃለንና።

የ2024ቱ ለውጥ በወጣ በሁለተኛው ወር ልጁ ሥራውን ተወ። ሌላ ጋራዥ ተገኝቶ፣ ማመልከቻው ተመርምሮ እስኪጸድቅ ድረስ 97 ቀን ፈጀ። አዲሱ ሕግ በዚያ መካከል በሌላ ሥራ ለመሥራት ስለሚፈቅድ፣ እርሱ ዕቃ በማመላለስ፣ ሚስቱም በምግብ ቤት በመሥራት የቤት ኪራያቸውን ከፈሉ፤ ልጅቱም ከትምህርት ቤቷ አልወጣችም። በአሮጌው ሕግ ቢሆን በ61ኛው ቀን ፈቃዳቸውን ለማጣት በተቃረቡ ነበር። ልጁ አዲስ ጌታ ካገኘ በኋላ የቅዳሜዎቹን ደመወዝ በጽሑፍ ጠየቀ፤ ከፊሉም ተከፈለው።

ሌሎችም መልካም ለውጦች ተደርገዋል። የሠራተኛውን ፈቃድ መያዣ አድርጎ ያለ አግባብ ማስገደድ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ወንጀል ሆኗል። በቋሚነት ለመቀመጥ ለማመልከት ቀድሞ በአንድ ጌታ ዘንድ ሦስት ዓመት መሥራት ያስፈልግ ነበር፤ በኖቬምበር 2023 ወደ ሁለት ዓመት ተቀነሰ፤ ከዲሴምበር 2024 ወዲህም በተፈቀደላቸው ልዩ ልዩ ጌቶች ዘንድ የተሠራው ጊዜ ይደመራል። ከ2013 ጀምሮ ዐሥር ዓመት ሙሉ በ53,900 የአውስትራልያ ዶላር ቆሞ የነበረው ዝቅተኛ የዓመት ደመወዝም በጁላይ 2023 ወደ 70,000 ከፍ ብሏል።

ሆኖም ገመዱ ረዘመ እንጂ አልተፈታም። ዋሱ ዛሬም ያው ጌታው ነው። ከ180 ቀን በኋላ ሌላ ጌታ ያላገኘ ሰው ቤቱን አፍርሶ ለመመለስ ይገደዳል። ደግሞም 180 ቀን የሚበቃው በእጁ ጥቂት ገንዘብ ላለውና ሙያው ለሚፈለግ ሰው ነው፤ ባዶ እጁን የቀረ ሰው ቀኑ ሳያልቅ ረኀቡ ይቀድመዋል።

ስለዚህ ልጅ የሚልኩ ወላጆች ደመወዙን ብቻ አይተው እንዳይደሰቱ እናሳስባለን። ከጌታው ቢለይ ስንት ቀን እንደሚሰጠው፣ በዚያም ቀን ውስጥ ሌላ ሥራ መሥራት ይፈቀድለት እንደ ሆነ፣ ያገለገለው ዘመን ወደ ሌላ ጌታ ሲሻገር ይቈጠርለት እንደ ሆነ አስቀድመው ይጠይቁ። ቢቻላቸውም ለልጁ የሦስት ወር ቀለብ የሚሆን ገንዘብ አስይዘው ይስደዱት።

ሕግ በማርቀቅ ሥራ ላይ ላሉ አንባቢዎቻችንም የምንለው አለን። በአገራችን «በሕግ አምላክ» የተባለ ሰው ባለበት ይቆማል፤ ያለውም ሰው ነገሩ እስኪታይ እዚያው ቆሞ ይጠብቃል። አቤቱታ የሚያቀርብ ሰው የሚቆምበት ቦታና የሚጠብቅበት ቀን ከሌለው፣ መብቱን የሚዘረዝረው አንቀጽ ቢበዛ አይጠቅመውም። የእኅታችን ልጅ መብቱ በ2022ም በ2024ም በመጽሐፉ ላይ ያው ነበር፤ አፉን የከፈተለት የተጨመረለት 120 ቀን ነው።