ጣቴ ላይ የቀረው ዱቄት

ወንድሜ፣ እህቴ፣ በፈተና ዋዜማ መብራት ጠፍቶባችሁ ያውቃል? የእኛ ቤት ሶላር ቀትር ላይ ደህና ነበር፤ ጠዋትና አመሻሽ፣ ፀሐይ ስታዘነብል ግን ይለግማል፤ ለሌሊት የሚተርፍ የለም። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2017 የጀርመኑ የካርልስሩኸ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ያወጡትን ደጋግሜ አነበብኩት። የአንዲት ጥቁር የእስያ ቢራቢሮ ክንፍ በዓይን በማይታዩ ቀዳዳዎች የተሞላ ነው፤ አንዱ ሰፊ፣ ሌላው ጠባብ፣ ሰልፍ የላቸውም። ብርሃን ከየትም ቢመጣ ብዙውን ያስቀሩታል። እንዲህ የተበሳ ስስ ሲሊከን፣ ካልተበሳው ይልቅ ቀጥ ብሎ የሚያርፍበትን ብርሃን እጥፍ ገደማ፣ አዘንብሎ የሚመጣውን እስከ ሦስት እጥፍ ያዘ። (ኤሌክትሪኩም በዚያው ልክ ያድጋል ማለት ግን አይደለም።)

ልጅ ሳለሁ ቢራቢሮ አባርሬ ስይዝ፣ ጣቴ ላይ የሚቀረውን ዱቄት በሱሪዬ እጠርገው ነበር። ቀዳዳዎቹ የተገኙት እንዲህ ባለው ዱቄት ላይ ነው።