ከሚዛን እስከ ቴፒ፦ ቡና ለቃሚዎች ስለ ሥራቸው የነገሩኝ

ከጅማ በቦንጋ አድርጎ ሚዛን የሚያደርሰው መንገድ አስፋልት ከለበሰ ወዲህ ጉዞው ቀሏል። በወጣትነቴ እዚያ አካባቢ በነርስነት ሳገለግል፣ በክረምት የጫነ መኪና ጭቃ ውስጥ ከገባ መንገደኛው እዚያው ያድር ነበር። ዛሬ ከጅማ በጠዋት የተነሳ ሰው ምሳውን ሚዛን መብላት ይችላል። ከቦንጋ እንደወጡ የውሽውሽ ሻይ እርሻ እንደ ምንጣፍ ተነጥፎ ይታያል፤ ከዚያ ደኑ ይውጣችኋል። ቁልቁለቱ ሲጀምር ሹራብ ይወልቃል፣ የመኪናው መስኮት ይከፈታል፤ ሚዛን ደርሳችኋል ማለት ነው። ሚዛን ተፈሪና አማን የሚባሉት ሁለት ከተሞች ዛሬ አንድ ላይ ሚዛን አማን ተብለዋል፤ ከኅዳር 2014 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከተማዋ ከቦንጋ፣ ከቴፒና ከተርጫ ጋር የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መቀመጫ ናት።

ባለፈው ኅዳር የሄድኩት የድሮ የሥራ ባልደረባዬን ለመጠየቅ ነበር። ወሩ የለቀማ ወር ነው። መናኸሪያው ላይ ከአውቶቡስ የሚወርደውን ሰው እቃውን አይታችሁ ታውቁታላችሁ፦ አንድ ማዳበሪያ ከረጢት፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቢጫ ጀሪካን። ከከምባታ፣ ከወላይታና ከሌላም ደጋ አገር የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ልጆች ናቸው ብል አላጋነንኩም፤ ለእኔ ሃያ ዓመትም ልጅ ነው። ወላጆቻቸው እናንተን የመሰሉ ሰዎች ስለሆኑ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ ከሚዛን ቴፒ ስመላለስ አንድ ጥያቄ ብቻ ይዤ ሰነበትኩ፦ ከዚህ ሥራ ምኑን ትወዳላችሁ? ምኑን ትጠላላችሁ?

ያነጋገርኳቸው ሰዎች የየትኛው እርሻ ሠራተኞች እንደሆኑ አልጽፍም። ነገ ተመልሰው ሥራቸው ላይ ይቆማሉና።

በአካባቢው ቡና በገበሬው ጓሮ አለ፣ በደን ውስጥ አለ፣ በየባለሀብቱ እርሻም አለ። ከሁሉ የገዘፉት ግን ሁለቱ የቀድሞ የመንግሥት እርሻዎች ናቸው። በበቃ ከሚዛን ደቡብ ምዕራብ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለ፣ ከ10 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሸፍን ሰፊ እርሻ ነው፤ የቴፒው ደግሞ ከ6 ሺህ ሄክታር ያልፋል። ሁለቱም ከአሥር ዓመት በፊት ወደ ግል ባለቤትነት ተዛውረዋል፤ በበቃን የያዘው በሚድሮክ ሥር ያለው ሆራይዘን ፕላንቴሽን ነው። እንዲህ ያለው እርሻ በራሱ አንድ ወረዳ ይመስላል። የሠራተኛ ሠፈር፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሱቅ፣ የእሸት ቡና መፈልፈያ፣ ቡና የሚሰጣበት አልጋ በውስጡ አለ። ጥላ ዛፎቹ ከቡናው በላይ ቆመው ፀሐይዋን ያበርዷታል። ለጎብኚ ውብ ነው። ለሠራተኛው ውበቱ የሚወሰነው በምን ዓይነት ቅጥር እንደገባ ነው፤ ቋሚና ወቅታዊ ሠራተኛ አንድ ዛፍ ሥር ቆመው ሁለት የተለያየ ሥራ ነው የሚሠሩት።

ቋሚዎቹን ልጥቀስ። ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ እርሻ የኖሩ፣ አሁን ካቦ የሆኑ አባት ቤታቸው ጋብዘውኝ፣ ባለቤታቸው የቡና ቅጠል ከቃሪያና ከቅመም ጋር አፍልተው አቀረቡልን። «ሲስተር፣ ደመወዙስ ወር አያደርስም» አሉኝ፤ «ግን አራቱም ልጆቼ እዚሁ ተወልደው፣ ፊደል የቆጠሩት እዚሁ ነው። ሌሊት ሰው ቢታመም ክሊኒኩን አንኳኳለሁ።» የሚጠሉትን ስጠይቃቸው ጣሪያውን ቀና ብለው አዩ። ቤቱ የሥራው እንጂ የእሳቸው አይደለም። ጡረታ ሲወጡ ቁልፉን ያስረክባሉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ሠርተው የሚያሳርፉበት የራሳቸው ጎጆ አለመኖሩ ነው የሚያስጨንቃቸው፤ ካጠራቀሙት እቁብ አማን ዳር ትንሽ ቦታ ለመግዛት ያስባሉ። በየካምፑ የሰማሁት የቋሚ ሠራተኛ ቅሬታ ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው፤ ስለ ደመወዝ ያማረረኝ እንኳ ወሬውን ቤት ላይ ጨረሰው።

የመጨረሻ ልጃቸው የቴክኒክና ሙያ ተመራቂ ነው፤ ልቡ አዲስ አበባ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ፣ የኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያ ውስጥ ሥራ አገኛለሁ ብሎ ያስባል። «ጣሪያ ሥር ነው የሚሠራው፣ ጭቃ የለም፣ እባብ የለም» አለ። አባቱ ዝም ብለው ሰምተው፣ «እዚያስ ክሊኒክ አለው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ ስለ ሥራ ካሉ ጥያቄዎች ሁሉ እኔም ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ነበር።

ወደ ወቅታዊዎቹ ስመጣ ነገሩ ይለያል። ለቃሚ የሚከፈለው በኪሎ ነው። ጠዋት ቅርጫቱን ወገቡ ላይ ያስራል፣ ቀይ ቀዩን እየመረጠ ይለቅማል፣ ማምሻውን ሚዛን ላይ ያወጣዋል። አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ለማግኘት አምስት፣ ስድስት ኪሎ እሸት ያስፈልጋል፤ እናንተ ጀበና ላይ የምትጥዱት ስንት ጊዜ ጣት እንደነካው ከዚህ ገምቱ። የሚወዱትን ሲነግሩኝ ፊታቸው ይበራ ነበር። ገንዘቡ አንድ ላይ ይገኛል፤ በሦስት ወር ለቀማ ቆርቆሮ የገዛ፣ ወይፈን ያስገባ፣ የእህቱን የትምህርት ወጪ የቻለ አለ። ሁለተኛው ነፃነቱ ነው፦ «እዚህ ማንም ሰዓት አይቆጥርብኝም፤ ጉልበቴ ያለውን ያህል እለቅማለሁ» ያለኝ ወጣት ብዙ ነው። ከአንድ ቀበሌ የመጡት አብረው ያድራሉ፣ አብረው ያበስላሉ፣ ማታ ይዘፍናሉ።

የሚጠሉት ብዙ ነው። ዝናብ የጣለ ቀን ገቢ የለም። ሚዛኑ ላይ ኪሎ ይጎድላል የሚል ጥርጣሬ አለ፤ እውነት ይሁን አይሁን፣ ቁጥሩን ማንበብ የማይችል ሰው መጠርጠሩ አይቀርም። በአንድ መጠለያ ውስጥ ጭንቅንቅ ብሎ ማደር፣ የሱቅ ዱቤ፣ ደላላው መንገድ ላይ የተናገረውና ሲደርሱ ያገኙት ዋጋ አለመመሳሰሉ ይነሳል። ሴቶቹ ደግሞ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚነግሯችሁ ሌላ ነገር አላቸው፤ ሽንት ቤት ራቅ ብሎ መብራት የሌለበት ቦታ ከሆነ ሌሊት አይወጡም። ብቻዋን የመጣች ልጅና ከእህቷ ወይም ከአክስቷ ጋር የመጣች ልጅ እኩል አይታዩም። ሴት ልጃችሁ ለለቀማ እሄዳለሁ ካለች ከማን ጋር እንደምታድር ሳትጠይቁ አትሸኟት።

የእኔ ሙያ ግን ሁልጊዜ ወደ ትኩሳቱ ይወስደኛል። ክረምቱ አልፎ ውሃው በየጉድጓዱ ሲቆም ወባ ይበረታል፤ ቡናውም የሚደርሰው በዚያው ጊዜ ነው። ከደጋ የመጣ ሰው ደግሞ ወባን አካሉ አያውቃትም። ትንኟ ከነከሰችው በኋላ ትኩሳቱ እስኪነሳ ባብዛኛው ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ስለዚህ አዲስ ለቃሚ የሚወድቀው ሥራውን ሊለምድ ሲል ነው። እዚህ ላይ በኪሎ የመከፈል ጉዳቱ ይመጣል፦ የታመመበት ቀን ዜሮ ኪሎ ነው። ከከምባታ የመጣች አንዲት እናት በብርድ እየተንቀጠቀጠች ቅርጫቷን አስራ አገኘኋት። «እቴ፣ ምን ሆነሻል?» አልኳት። «ድካም ነው» አለችኝ። ግንባሯን ስነካው እሳት ነው። ይዤያት ሄድኩ፤ ደሟ ታየ፤ መድኃኒት ተሰጣት። ኮአርተም ጠዋትና ማታ ለሦስት ቀን የሚወሰድ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ትኩሳቱ ሲበርድ ብዙ ሰው ቀሪውን ኪሱ ከቶ ወደ ለቀማው ይመለሳል። እሷም ልትመለስ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አብራት የምታድረዋን ልጅ አስጠነቀቅኳት።

ሕጉ ምን ይላል ብዬ አገላበጥኩ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ ይፈቅድለታል። ይህ ግን የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ የሙከራ ጊዜ ደግሞ እስከ 60 የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ለቀማው ሦስት ወር ገደማ ነው። ዝናብና ሕመም የበሉትን ቀን ቀንሳችሁ አስሉት፤ መብቱ ሲደርስ ቡናው አልቋል። ካቦው አባት ሌሊት ክሊኒክ ሲያንኳኩ ደመወዛቸው አይቆምም፤ እሷ ግን አንድ ቀን ከተኛች የሚቀነሰው ወደ ቤት የምትወስደው ቆርቆሮ ነው። ትኩሳቷን «ድካም ነው» ያሰኛት ይህ ነው።

ያው አዋጅ ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው ደግሞ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም። በለቀማ ግን ልጅ ሳይመዘገብ በእናቱ ቅርጫት ይለቅማል። ስለዚህ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ያየ ያውቀዋል።

በወንዞቹ ዳር ያለችውን ጥቁር ዝንብም አልረሳትም። ቆዳን የሚያሳክክ፣ ሲከፋም ዓይን የሚያጠፋ በሽታ ታስተላልፋለች። በእኔ ወጣትነት ሌሊቱን ሲያክ የሚያድር ሰው በየሠፈሩ ነበር። ሜክቲዛን የተባለው ክኒን በየቤቱ መታደል ከጀመረ በኋላ ግን እንደዚያ ዓይነት ቆዳ ማየት ብርቅ ሆኗል፤ ባልደረባዬ ይህን ስትነግረኝ ደስ አለኝ።

ሚዛንን ልሰናበት ስል ለቃሚዎቹ እየተመለሱ ነበር፤ ጀሪካኑ ባዶ፣ ከረጢቱ በልብስ የተሞላ፣ አንዳንዱ አዲስ ጫማ ያደረገ። ልጃችሁ እንዲህ ተመልሶ ሲመጣ ጤነኛ ቢመስልም፣ ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ሊነሳ ይችላል። ጥር ወይም የካቲት ላይ ብርድ ብርድ ካለው፣ የደጋው ጤና ጣቢያ ጉንፋን ነው ብሎ እንዳይመልሰው «ቆላ ለቀማ ነበርኩ፣ ደሜ ይታይ» ብሎ ራሱ ይናገር። እስከዚያው አጎበሩን አጥቦ አይጣለው፤ ለሚቀጥለው ኅዳር ይሆነዋል።