ውሻዬ ታሞ ጎንደር መሄድ ነበረብኝ

በእኛ ሥራ ጉዞ የሚቀርበት ምክንያት ብዙ ነው። ልጅ ይታመማል፣ ለቅሶ ይመጣል፣ ኬላ ይዘጋል፣ ክረምት ሲገባ የገዳሪፍ ዋልካ መኪና ይውጣል። ለእነዚህ ሁሉ ሰው «አይዟችሁ» ይላል። «ውሻዬ ታሞብኝ ቀረሁ» ብትሉ ግን የሚስቅባችሁ ይበዛል። እኔም በዚህ ምክንያት ነገሩን ለብዙ ሰው ሳላወራ ዓመታት አለፉ። አሁን የምጽፈው ከመካከላችን ውሻ፣ ድመት ወይም የጋሪ አህያ ታሞበት፣ ዕቃው ታስሮ፣ መኪናው ተቀጥሮ «ልሂድ ወይስ ልቅር» እያለ የሚጨነቅ ሰው እንደማይጠፋ ስለማውቅ ነው።

ጊዜው 2009 ዓ.ም.፣ የሁዳዴ ጾም ነበር። ገዳሪፍ ከተማ ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። ስሄድ ቶብ፣ ሽቶና ሳሙና ለመተማ ደንበኞቼ አደርሳለሁ፤ ስመለስ ደግሞ ከጎንደር በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማና ቡና ይዤ ገዳሪፍ ላሉ የሐበሻ ቤቶች አከፋፍላለሁ። ዋርድያ የሚባል ቡናማ ውሻ ነበረኝ። ስሙን ያወጣሁለት በእኛ ቋንቋ ዘበኛ ማለት ስለሆነ ነው። የጎረቤት ልጆች ግን ይስቁ ነበር። በሱዳን ዐረብኛ «ወርዲያ» የሥራ ፈረቃ ነውና «የውሻሽ ፈረቃ መቼ ነው የሚያልቀው?» ይሉኛል። ብቻዬን ነበር የምኖረው። ከገላባት የመጣሁበት መኪና ገና ከመንገዱ ጫፍ ሲቆም ሰምቶ፣ የሆሹን በር በጥፍሩ የሚቧጭር ሌላ ፍጡር በዚያ ከተማ አልነበረኝም።

መጋቢት አጋማሽ ላይ ምግብ ተወ። ጆሮው ጋለ፣ ድዱ ነጣ፣ በሦስተኛው ቀን ከአፍንጫው ደም መጣ። ደሙን ያዩ ጎረቤቶች «መስዑር ነው» አሉ፤ እብድ ውሻ ማለታቸው ነው። አንዱማ ሥጋ ውስጥ መርዝ አድርጎ እንዲገላግለኝ ጠየቀኝ። በክፋት አልነበረም፤ ሰፈሩ የልጆች ሰፈር ነው፣ እሱም አባት ነው።

የእንስሳት ሐኪም አመጣሁ። ከንፈሩን ገልጦ ድዱን ተጫነ፣ ሙቀቱን ለካ፣ ከጆሮው ጀርባ ጣቱን አስገብቶ መዥገር አወጣ። የክትባት ወረቀቱንም አየ፤ የእብድ ውሻ ክትባት ከተከተበ ዓመት አልሞላውም ነበር። ከዚያ በኋላ ጎረቤቶቹ እየሰሙ አስረዳ። ውሻ ሲያብድ ጠባዩ ይለወጣል፣ ያለ ምክንያት ይናከሳል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል፣ መንጋጋው ይወድቃል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ይህኛው ግን ደክሞት ተኝቷል፣ ስጠራው ጅራቱን ያነሳል። ቡናማው የውሻ መዥገር የሚያስተላልፈው ኤርሊኪያ የሚባል በሽታ ነው አለ። መድኃኒቱ ዶክሲሳይክሊን ነው፤ በየቀኑ፣ ለአራት ሳምንት። በወተት እንዳልሰጠው ነገረኝ፤ ወተት መድኃኒቱ ወደ ደም እንዳይገባ ይይዘዋል። በጊዜ የተያዘ ውሻ በአንድ ሁለት ቀን ትኩሳቱ ይበርዳል። በሽታው ቆይቶ መቅኒው ከተጎዳ ግን ደም መሥራት ስለሚያቆም መድኃኒቱም ላያድነው ይችላል። ዋርድያ ከሁለቱ የትኛው ላይ እንዳለ በዚያ ቀን ማወቅ አይቻልም ነበር።

መኪናዬ በማግስቱ ንጋት ላይ ነበር። ፋሲካ ሚያዝያ 8 ይውላል፤ አሥራ ሁለት ቤቶች ለበርበሬና ለቅቤ አስቀድመው ከፍለውኛል። ከዚህም የከበደ ነበር። ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ አንዲት እህት ለእናቷ የዓይን ሕክምና ያጠራቀመችውን ገንዘብ ሰጥታኛለች፤ የእናትየው ቀጠሮ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ጎንደር ነው።

«ውሻውን ይዘሽው አትሄጂም?» ያለኝ ሰው ነበር። እስከ ገላባት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከመተማ ዮሐንስ እስከ ጎንደር ደግሞ ከዚያ የሚበልጥ መንገድ ነው። በመጋቢት ቆላው ይነዳል። ገንዳ ውኃንና አይከልን አልፎ እስከ አዘዞ ዳገት ነው። ጤነኛ ሰው የሚያደክም መንገድ ደም ላነሰው ውሻ አይሆንም። ደግሞም እንስሳ ድንበር ሲሻገር የጤና ወረቀት ይጠየቅበታል፤ ለታመመ ውሻ ያን ወረቀት የሚጽፍ የለም።

ሰው እንዲህ ሲጨነቅ ነገሩን «ገንዘብ ወይስ ፍቅር» ብሎ ያስቀምጠዋል። እንደዚያ ካስቀመጣችሁት መልሱ ሁልጊዜ ያሳፍራል፤ ብትሄዱ ጨካኝ፣ ብትቀሩ ሞኝ ትባላላችሁ። እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው በእጄ ያለው ገንዘብና ፍቅር አልነበረም። ሁለቱም አደራ ናቸው። የእህቲቱ ገንዘብ አደራ ነው፣ የአሥራ ሁለቱ ቤት በርበሬ አደራ ነው፣ ከቡችላነቱ ከእጄ የበላ ውሻም አደራ ነው።

መንገዱን ያሳየችኝ ጎረቤቴ ሐጃ ናት። ጠዋት ቡና ይዛ መጣች፣ ዝንጅቡን አብዝታ፣ እንደ ልማዷ። አጠገቡ ተቀምጣ ትንሽ አየችውና «ያ ቢንቲ፣ አንቺ የምታደርጊለት፣ እኔ ግን የማልችለው ነገር ምንድን ነው?» አለችኝ። ለመመለስ አፌን ከፈትኩ፤ መልሱ ቶሎ አልመጣልኝም። ከዚያ «ኪኒኑን ከእኔ እጅ ብቻ ነው የሚወስደው» አልኳት። «እንግዲያው እሱን እናስለምደው» አለች።

ከዚያ በኋላ ሸክሙን ለየሁት። ቀን የተቆረጠለት የቱ ነው? የዓይን ሕክምናው ገንዘብ። የሚጠብቀውስ? በርበሬው፤ ለፋሲካ ገና ሦስት ሳምንት ነበረው። እህቲቱን አስጠርቼ ነገሩን ነገርኳት። በእሷ ፈቃድ፣ በፊቷ ተቆጥሮ፣ በዚያው ጠዋት ለሚሄዱ፣ ሁለታችንም ለምናውቃቸው አንድ ጋሼ ገንዘቡን አስረከብን። የሰው አደራ ባለቤቱ ሳይፈቅድ ከእጅ ወደ እጅ አይተላለፍም። እኔ ሦስት ቀን ቀረሁ። ሦስት ቀን ያልኩት በሽታው ራሱ የመጀመሪያ መልሱን በሁለት ቀን ይሰጣል ስለተባልኩ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ኪኒኑን በደክዋ ጠቅልዬ እኔ ሰጠሁት። በሁለተኛው ቀን የሐጃ የልጅ ልጅ እጁን ከእጄ ሥር አድርጎ አብረን ሰጠነው። በሦስተኛው ቀን እኔ በር ላይ ቆሜ ልጁ ብቻውን ሰጠው፤ ዋርድያም ወሰደ። ትኩሳቱ ትንሽ በርዷል፣ ድዱ ግን አሁንም ነጭ ነው። ሐኪሙን «ልሂድ?» ብዬ አልጠየቅሁትም፤ ያ የእሱ ጥያቄ አይደለም። «ብቀር የምጨምርለት ሕክምና አለ?» ብዬ ጠየቅሁት። «የለም፤ ከእንግዲህ ያለው ኪኒኑና ጊዜ ነው» አለኝ። «እያመመው ነው?» አልኩት። «ደክሞታል እንጂ አይጮኽም፣ ውኃም ይጠጣል» አለ።

በማግስቱ ሄድኩ። ስሄድ ለሐጃ አንድ ነገር ነገርኳት፤ «ከባሰበት ደውይልኝ፣ ከሞተ ግን ስደርስ ንገሪኝ»። የሰው ዕቃ ይዤ ኬላ ላይ ስቆም ልቤ እንዲሰበር አልፈለግሁም።

ጎንደር በርበሬዬን ገዛሁ፣ አስፈጨሁ። የእህቲቱ እናት ዓይናቸው ታሽጎ አገኘኋቸው፤ ቀጠሮው አላለፋቸውም። በአምስተኛው ቀን ማምሻውን ገዳሪፍ ገባሁ። መኪናው ሲቆም በር የሚቧጭር አልነበረም። ሐጃ ወጥታ ዕቃዬን ተቀበለችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ ውኃ ሰጠችኝ፣ ከዚያ ነገረችኝ። ከሁለት ቀን በፊት ንጋት ላይ ነው የሞተው። ልጁ አጠገቡ ነበር። በአዲስ ጆንያ ጠቅልለው ከሰፈሩ ውጭ፣ እርሻው ዳር፣ አውሬ እንዳያወጣው ጥልቅ ቆፍረው ቀብረውታል። ኪኒኑ ለስንት ቀን እንደተረፈ ልጁ ቆጥሮ አስቀምጦልኝ ነበር።

አንድ ወዳጄ «ብትቀሪ ኖሮ ይድን ነበር» አለኝ። ከሐዘኑ በላይ የከበደኝ ይህ ቃል ነው። ብዙ ሌሊት ይዞኝ አደረ። የለቀቀኝ ሱቅ አልመሐሲል ውስጥ ነው። ገዳሪፍ የሰሊጥ ጨረታ ያየ ሰው ያውቀዋል። ነጋዴው ክምሩን ያያል፣ ከመሐሉ በእፍኙ ዘግኖ ያሸተዋል፣ ንጽሕናውን ይመለከታል፣ የዕለቱን ዋጋ ይሰማል፣ ይጫረታል። በሳምንቱ ዋጋ ቢወድቅ «መጥፎ ነጋዴ ነው» አንልም፤ ዕድሉ ነው እንላለን። መጥፎ ነጋዴ የምንለው ክምሩን ሳያይ የሚገዛውን ነው። ያ ሰው በወሬ ገዝቶ ቢያተርፍ እንኳ ጎበዝ አይባልም። የእኔም ውሳኔ እንደዚያው ነው። ክምሩን አይቻለሁ። ዋርድያ ስለሞተ መሄዴ ስሕተት አልሆነም፤ ቢድንም ኖሮ መዳኑ መሄዴን ትክክል አያደርገውም ነበር። የሚለካው በሄድኩበት ቀን በማውቀው ነው። ሐዘኑ ግን ሐዘን ነው፤ ትክክል መሆን አያስቀረውም።

እንዲህ ያለ ነገር ለሚገጥማችሁ የማውቀውን ልጨምር።

ከሁሉ በፊት ሰው የሚጎዳ በሽታ መሆን አለመሆኑን አጣሩ። ያልተከተበ ውሻ ወይም ድመት ጠባዩ ከተለወጠ፣ ወይም ሰው ከነከሰ፣ ትታችሁ አትሂዱ፤ ሳትነኩት ዝጉበት፣ ለጎረቤት ተናገሩ፣ ሐኪም ጥሩ። የተነከሰ ሰው ቁስሉን በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ታጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ። የእብድ ውሻ በሽታ በሰው ላይ ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳኛ የለውም ማለት ይቻላል። የነከሰው እንስሳ 10 ቀን በጥንቃቄ ይጠበቃል። በዚህ ጊዜ ጉዞው ይቅር፤ ይህ የእንስሳ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

የራሳችሁን መድኃኒት አትስጡት። ፓራሲታሞል ድመት ይገድላል፤ ኢቡፕሮፌን የውሻን ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል። ጎንደር አካባቢ ያላችሁ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዳለው አስታውሱ።

እንስሳው ከስቃይ በቀር የሚጠብቀው ነገር ከሌለ ይህንንም ሳትሄዱ ሐኪሙን በግልጽ ጠይቁ። በእኛ ዘንድ በመርፌ ማሳረፍ ይከብዳል፤ እኔንም ይከብደኛል። ሆኖም ያን የመሰለ ውሳኔ ለጎረቤት ወይም ለልጅ ጥሎ መሄድ አይገባም። ከሄዳችሁ ደግሞ ወሬው በስልክ ይነገራችሁ ወይስ ስትደርሱ፣ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

ይህን ስጽፍ ሁለት ቀን መጠበቅ ያልቻሉትን አልረሳም። ኅዳር 2013 ተከዜን ተሻግረው ሐምዳዬት የገቡት፣ ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ ከካርቱም ጦርነት ሸሽተው በገዳሪፍ በኩል ገላባት የደረሱት፣ ስንቶቹ በር ላይ የታሰረ አህያ፣ ግቢ ውስጥ የቀረ ውሻ ጥለው እንደወጡ ከአፋቸው ሰምቻለሁ። አንዲት እናት ልጇ ስለ ድመቷ ስትጠይቃት «ጎረቤት ያበላታል» እንደምትላት ነግራኛለች፤ ጎረቤቱም ወጥቷል። እነሱ አልመረጡም። መምረጥ የቻልን ሰዎች ግን አይተን፣ ጠይቀን፣ አስረክበን እንሂድ፤ ወይም እንቅር።

እናንተም ከመሄዳችሁ በፊት በዚያ ቀን የምታውቁትን ለአንድ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፤ ሐኪሙ ምን እንዳለ፣ ማን እንደሚቀር፣ ለምን እንደምትሄዱ። ስትመለሱ «ብትቀሪ ኖሮ» የሚል አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ያ ሰው ያስታውሳችኋል። ለእኔ ያስታወሰችኝ ሐጃ ናት።

መንገዱን ሰላም ያድርግልን።