ሉሁ ከታጠበ በኋላ

«ጭንቅላቴ ሞልቷል» እንላለን፤ «ከአእምሮዬ ወጣ» እንላለን። አነጋገራችን ሁሉ ትውስታን እንደ ጎተራ የሚያይ ነው። በይፋት፣ በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ያለ ገበሬ ማሽላውን ወይም ማሾውን ያስገባል፣ ይዘጋል፣ ሲፈልግ ከፍቶ ይሰፍራል። ነቀዝ ካልገባበት ያስገባውን ያንኑ ያወጣል፤ በሰፈረ ቁጥር ደግሞ እህሉ ይቀንሳል። የሰው ትውስታ በሁለቱም በኩል የጎተራ ተቃራኒ ነው። በወጣ ቁጥር ይጠነክራል፣ በወጣ ቁጥርም መልኩን ሊለውጥ ይችላል። ችግሩ ሁለቱ አብረው መሄዳቸው ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ ማስታወስ እንዳይረሳ ያደርገዋል፤ ትክክል ሆኖ እንዲቆይ ግን አራሚ ይፈልጋል። ለዚህ ማስረጃ ፍለጋ ከይፋት ርቆ መሄድ አያሻም።

የቁርአን ቤቱን ስልት እንይ። ልጁ ከእንጨት የተጠረበ ሉህ ይይዛል። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የዕለት ድርሻው በመቃ ብዕር ይጻፍበታል። ልጁ እየተወዛወዘ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይቀራል። ያዝኩት ሲል ሸሁ ፊት ይቀርብና ሉሁን ሳያይ ያሰማል። ከተሰናከለ ተመልሶ ይቀመጣል። ካለፈ ሉሁ ይታጠባል፤ ጥቁሩ ውኃ ይፈስሳል፣ እንጨቱም ለነገው ድርሻ ይደርቃል። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሉሁ ከታጠበ በኋላ የትናንቱን ድርሻ ተመልሶ የሚያይበት የለም፤ ከራሱ ውስጥ ማውጣት ብቻ ነው የቀረው። ሙራጀዓ የሚባለው ክለሳም ይኸው ነው፤ የቆየውን ከአዲሱ ጋር እያፈራረቁ ማሰማት። ገደሉን ወጥተው ደጋው ላይ ቢደርሱ፣ የኔታም የቃል ትምህርቱን ማታ በጨለማ፣ መጽሐፍ ሳይገለጥ ያስቀጽላሉ። ቆላውና ደጋው በሃይማኖት ቢለያዩም በዚህ ግን ተማክረው የሠሩት ይመስላል።

ነገሩን በሙከራ የለኩትም አሉ። ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ትርጉም የሌላቸውን ክፍለ ቃላት ራሱ እያጠና መርሳትን ለክቷል። የሚረሳው አብዛኛው ነገር በመጀመሪያው ቀን ውስጥ እንደሚረሳ ያገኘው እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን ተነጥቀው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት 81 በመቶ፣ ሌሎቹ 75 በመቶ አስታወሱ። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ደግመው ያነበቡት ወደ 42 ወረዱ፣ ወረቀቱን የተነጠቁት 56 ላይ ቆዩ። ፈተና ሲደርስ ደብተሩን በቀለም እያሰመረ አሥር ጊዜ የሚያነብ ተማሪ «ገብቶኛል» የሚለው በአምስተኛው ደቂቃ ላይ ስለሆነ ነው።

«ይሄማ ሽምደዳን ማወደስ ነው» የሚል አይጠፋም። ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው፤ ቃሉን ይዞ ትርጉሙን ያልያዘ ልጅ በቁርአን ቤትም በመንግሥት ትምህርት ቤትም ሞልቷል። ግን በዚያ ሙከራ የተቆጠረው ተማሪው ያስታወሰው ሐሳብ እንጂ ቃል በቃል የደገመው ዓረፍተ ነገር አይደለም። ስለዚህ ሽምደዳን ስናወግዝ ከራስ ማውጣትን አብረን መጣላችን ስሕተት ነው። አለመረዳት በማስረዳት ይታከማል፤ መጽሐፉን እንደተገለጠ በመተው አይታከምም።

አሁን ወደ ከባዱ ወገን፤ ትውስታ በወጣ ቁጥር ወደ መለወጡ። እ.ኤ.አ. በ2000 ካሪም ናደርና ባልደረቦቹ በአይጦች ላይ ባደረጉት ሙከራ፣ ጸንቷል የተባለ የፍርሃት ትዝታ ሲቀሰቀስ እንደገና ለስላሳ እንደሚሆን፣ ዳግም እንዲረጋም አንጎል አዲስ ፕሮቲን መሥራት እንዳለበት አሳይተዋል። በሰው በኩል ኤሊዛቤት ሎፍተስና ጆን ፓልመር እ.ኤ.አ. በ1974 የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ፍጥነቱን ጠየቁ፤ ለአንዱ ቡድን «ሲላተሙ»፣ ለሌላው «ሲገጩ» በሚል ቃል። ከሳምንት በኋላ «የተሰበረ መስታወት አይታችኋል?» ሲባሉ፣ ከየ50 ሰው «ሲላተሙ» የተባሉት 16ቱ፣ «ሲገጩ» የተባሉት 7ቱ አዎን አሉ። ፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስታወት አልነበረም።

ታዲያ ትውስታ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ ቁርአንን በቃሉ የያዘው ሀፊዝ እንዴት ሳይስት ይዘልቃል? ምክንያቱ አንጎሉ ከሌላው ሰው የተለየ መሆኑ አይደለም። የቃሉ ምትና ቤት ቃል እንዳይቀየር ይይዘዋል፣ ሸሁ ያዳምጣል፣ የተጻፈው ሙስሐፍ አለ፣ ኢማሙ በሰላት ላይ ቢስት እንኳ ከኋላው ከቆሙት አንዱ ድምፁን አሰምቶ ያርመዋል። ከዚሁ አገር ሌላውን ትውስታ ውሰዱ፤ የዘር ሐረግን። እ.ኤ.አ. በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ድል የነሣው፣ ይፋትን የገዛው የዑመር ወላስማ ቤት የመጣው ከየት ነው? ግብፃዊው አልመቅሪዚ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሲጽፍ ገና ያኔ የተለያዩ ነገሮች ይባሉ ነበር፤ አንዱ ከበኒ አብዱዳር፣ ሌላው ከበኒ ሃሺም ይላል። ዘር ቆጣሪው ከቁርአን ቀሪው ያነሰ ብርታት አልነበረውም። ሲስት «ተመለስ» የሚለው ግን አልነበረም።

ይህን ሁሉ ማለቴ ለአንድ ነገር ነው። በ2013 ሚያዝያ አጣዬ ስትቃጠል፣ በ2014 ኅዳር የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢት ድረስ ሲመጣ ያየ ሕዝብ አለ። ያየውን በቡና ላይ፣ በለቅሶ ቤት፣ በፌስቡክ ሺህ ጊዜ ተናግሮታል። «እንዲህ ያለ ነገር ይረሳል ወይ?» ይባላል። አይረሳም፤ ሐቁ ግን ዝርዝሩ ላይ ነው የሚሸራረፈው። የአሜሪካ መንኮራኩር ቻሌንጀር እ.ኤ.አ. በ1986 ስትፈነዳ ኡልሪክ ናይሰር ተማሪዎችን በማግሥቱ ወሬውን የትና ከማን እንደሰሙ አስጻፈ። ሁለት ዓመት ተኩል ያህል ቆይቶ 44ቱን ደግሞ ጠየቀ። 11ዱ ከመጀመሪያ ጽሑፋቸው ጋር በአንድም ነገር አልገጠሙም፤ አንዳንዶቹም የእጅ ጽሑፋቸውን እያዩ እንኳ አሁን የሚያስታውሱት እንደሚበልጥባቸው ተናገሩ። እነዚህ ልጆች አልዋሹም። የይፋት ሰውም ቤቱ መቃጠሉን፣ ወንድሙ መሞቱን አይስትም። ሰዓቱ፣ ቁጥሩ፣ ማን ቀድሞ እንደተኮሰ ግን በየወሬው የሚቀያየሩ ናቸው፤ ፍርድ ቤት የሚጠይቀው ደግሞ በአብዛኛው እነዚህኑ ነው።

«ምስክርን ለማጣጣል ያመቻል» የሚለው ስጋት ይገባኛል፤ ክፉ ጠበቃ ይጠቀምበታል። ግን ሳይመዘገብ በየዓመቱ እየተተረከ የሚቆይ ምስክርነት ነው ለዚያ ጠበቃ ይበልጥ የሚመቸው፤ ሁለት ጎረቤታሞች በስድስተኛው ዓመት የተለያየ ቁጥር ሲጠሩ ሁለቱንም ውሸታም ይላቸዋል። ስለዚህ እስካሁን ያልተጻፈው ቶሎ ይጻፍ፤ እያንዳንዱ ለየብቻው፣ የጎረቤቱን ቃል ሳይሰማ። ነገሩ ሲሆን ማስታወሻ የያዘ፣ በስልኩ ፎቶ ያነሳ ካለ ቀኑ ሳይጠፋ ይቀመጥለት። መዝጋቢውም «ስንት ነበሩ?» ብሎ ይጠይቅ እንጂ «ሃምሳ ይሆናሉ አይደል?» አይበል።