በናይሮቢ ቤተ መዘክር የዋለ አንድ የበዓል ቀን

ናይሮቢ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚያመራው ወደ ዱር አራዊቱ ፓርክ ወይም ወደ ገበያዎቿ ነው። እኛ ግን ለአጭር ትምህርት በከተማይቱ በቆየንበት ወቅት የልጃችን እናትና የስድስት ዓመት ልጃችን ለበዓል መጥተው ስለ ነበር፣ አንዱን ቀን ለብሔራዊው ቤተ መዘክር ሰጠነው። ስፍራው ሕፃን የሚያሰለች መስሎን ነበር። ግምታችን ስሕተት መሆኑን ለመረዳት ግን ጊዜ አልፈጀብንም።

ቤተ መዘክሩ ከመሐል ከተማ ሳይርቅ ከኮረብታ ላይ ተቀምጧል። በ1930 (እ.ኤ.አ.) ሲከፈት የቅኝ አገዛዙ አገረ ገዥ በነበሩት በሰር ሮበርት ኮሪንደን ስም ይጠራ ነበር። ኬንያ በ1963 ነጻነቷን ከተቀዳጀች በኋላ ብሔራዊ ስያሜ አገኘ፤ ከ2005 እስከ 2008 ለእድሳት ተዘግቶም እንደ ገና ተከፈተ።

በበዓል ቀን ግቢው የቤተሰብ ነው። አዲስ ልብስ የለበሱ ሕፃናት የአያቶቻቸውን እጅ እየጎተቱ ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ይሮጣሉ። ልጃችን በአዕዋፉ ክፍል ቀለማቸውን ስትቆጥር ቆየች፤ ጆይ አዳምሰን የኬንያን ብሔረሰቦች በየባህላዊ ልብሳቸው ከሳለቻቸው ሥዕሎች ፊትም ቆማ የጨሌውን ድርድር አደነቀች። በ1961 በተቋቋመው የእባቦች መናፈሻ ግን ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ተሸሸገች።

ከሁሉ ይልቅ የማረካት በግቢው የቆመው የአሕመድ ምስል ነው። አሕመድ፣ ከሞያሌ ወደ ናይሮቢ በሚወስደው መንገድ ላይ በሚገኘው በማርሳቢት ተራራ ይኖር የነበረ ዝሆን ነው። እያንዳንዱ ጥርሱ ከ60 ኪሎ በላይ ይመዝን ስለ ነበር አዳኞች እንዳይገድሉት ተፈራ። ስለዚህ በ1970 ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በልዩ አዋጅ እንዲጠበቅ አደረጉ፤ የታጠቁ ዘቦችም ቀንና ሌሊት ተከተሉት። በ1974 አሕመድ በጥይት ሳይሆን በእርጅና ሞተ።

ይህን ስንተርክላት ልጃችን ስለ ዝሆኑ አልጠየቀችም።

«ጠባቂዎቹ ልጆች ነበሯቸው?» አለች።

«ሳይኖሯቸው አይቀርም።»

«ታዲያ ማታ ማን ያስተኛቸው ነበር?»

እናቷ «እናታቸው» ብላ መለሰችላት። ሕፃኒቱ ጥቂት አሰብ አድርጋ «አባባ፣ አንተስ የምትጠብቀው ምንድን ነው?» አለች።

«አገርን» አልናት። «አሳየኝ» አለች። በሠራዊቱ ፊት ቆመን ስለ ግዳጅ ብዙ የተናገርን ሰዎች ለገዛ ልጃችን የሚሆን ቃል አጣን።

በዚያው ዝምታ የሰው ዘር አመጣጥ ወደሚታይበት አዳራሽ ገባን። እዚያ በ1984 ካሞያ ኪሜው ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምዕራብ ያገኘው፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሆነው የልጅ አጽም አለ። ሐይቁን በአብዛኛው የሚሞላው የእኛው ኦሞ ነው። ካርታችንን ዘርግተን የልጃችንን ጣት ከሐይቁ አስነሣንና ወንዙን ተከትለን ወደ ሰሜን ወደ ተራሮቹ መራነው። «ይህ ውኃ የሚነሣው ከእኛ ዘንድ ነው። አያትሽም፣ ቤታችንም፣ የምጠብቀውም እዚህ ነው» አልናት። ጣቷን ከካርታው ሳታነሣ ብዙ ቆየች።

ባልደረቦቻችን ሆይ፤ ለዚህ ናይሮቢ መሄድ ግድ አይደለም። በ1974 በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ቤቷ አዲስ አበባ፣ አምስት ኪሎ በሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየማችን ነው። ፈቃድ ያገኘ ወታደር አንዱን ቀን ልጁን ይዞ ወደዚያ ይሂድ። እናቶችም አባት በሌለበት ማታ የዘቦቹን ታሪክ ተርኩላቸው። ልጆቻችን የምንርቅበትን ምክንያት ከሌላ ሰው ሳይሆን ከእኛው አንደበት ሊሰሙት ይገባል።