ፕሬዚዳንቱ ምክር ፍለጋ የሄዱ ዕለት

የታሪክ መታሰቢያ ሰሌዳ ቃል ይቆጥባል። «እገሌ በዚህ ዕለት እዚህ ነበሩ» ይልና ያበቃል። የኒውዮርክ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1926 ጀምሮ በየመንገዱ ዳር ያቆመቻቸው፣ ሰማያዊ መደብ ላይ በቢጫ ፊደል የተጻፉ ሰሌዳዎችም እንዲሁ ናቸው። እኔን ግን የሚያጓጓኝ «ለምን መጡ?» የሚለው ነው።

የአሜሪካውን ፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከንን እንውሰድ። ሰኔ 1862 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተፋፍሟል፤ ከሊንከን የጦር አዛዦች አንዱ ጄኔራል ማክሌላን የተገንጣዮቹ ደቡቦች ዋና ከተማ ሪችመንድ ደጃፍ ደርሶ «ተጨማሪ ጦር ላኩልኝ» ይላል። ሊንከን ለሕዝብ ሳያስነግሩ፣ ሌሊቱን በባቡር ተጉዘው፣ በዚያችው ኒውዮርክ ሃድሰን ወንዝ ዳር ወዳለው የዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ሄዱ። የሄዱትም የካዴቶች ሰልፍ ሊቀበሉ ሳይሆን፣ በጡረታ እዚያ የተቀመጡትን የ76 ዓመት አዛውንት ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮትን ሊያማክሩ ነው። በዚያው ሳምንት የተበታተኑትን ጦሮች በጄኔራል ጆን ፖፕ ሥር አዋሐዱ። ፖፕ ነሐሴ ላይ ቡል ራን ላይ ድል ተነሣ።

ምክር ሁልጊዜ ድል አያመጣም። ቢሆንም የአገር መሪ በጭንቅ ቀን ከወንበሩ ተነሥቶ ከአዛውንት ደጅ መሄዱ ትልቅነት ነው። ሰሌዳ የሚተክል ሁሉ ከቀኑ ጎን ምክንያቱንም ይጻፍልን፤ ማዘዝ የሚማር ወጣት መጠየቅንም ይማርበት።